የአዘጋጁ ማስታወሻ፦ ከዋና አባት እስከ ሰባት ቤት

በጎጃም ደጋ የዘር ሐረግን ማወቅ የኑሮ መሠረት ነበር። በርስት ሥርዓት መሬቱን መጀመሪያ ያቀናው ሰው ዋና አባት ይባል ነበር፤ ከእርሱ መወለዱን በአባቱም ሆነ በእናቱ በኩል ቆጥሮ ያስረዳ ሁሉ ድርሻ ይጠይቅ ነበር። ክርክር ሲነሳ ሽማግሌዎች አያት፣ ቅድመ አያት፣ ምንዥላት፣ እንጅላት እያሉ ወደ ላይ ይወጡ ነበር፤ አንድ ስም ከተዘለለ ሙግቱ ይላላ ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሀብት ሲሆን የርስት መብት ቀረ። ቆጠራው ግን በጋብቻ ቀጠለ፤ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ሁለቱ ቤተሰቦች እስከ ሰባት ቤት፣ ማለትም እስከ ሰባት ትውልድ፣ አለመዛመዳቸው ይጣራል።

በቃል ከሚቆጠረው የዘር ሐረግ ሌላ፣ የጎጃሟ ገዳም መርጡለ ማርያም ደግሞ በድንጋይ የተጻፈውን ቅርስ ይዛለች። ትውፊት ገዳሟን ከአብርሃና አጽብሐ ዘመን ያደርሳታል። እቴጌ እሌኒ በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ግድም ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ፣ ጌጥ ከተቀረጸባቸው ድንጋዮቹ ጋር፣ ዛሬም የጥንቱን እጅ ጥበብ ይመሰክራል።

ወደ ዘር ቆጠራው ስንመለስ፣ አይስላንድ የቫይኪንግ ዘመን ሰፋሪዎቿን ከነትውልዳቸው በመካከለኛው ዘመን በመጽሐፍ መዝግባለች፤ ዛሬም ዘሩን የሚፈልግ ገጹን ይገልጣል። የጎጃም የትውልድ መዝገብ ግን በአብዛኛው ያለው በአረጋውያን አንደበት ነው፤ በጊዜ ካልተጻፈም ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል። የዚህ እትም ጽሑፎች ርስትን፣ የጋብቻ ቆጠራንና የመርጡለ ማርያምን ቅርስ በየተራ ይመለከታሉ።