የተገተረ የደም ሥር ምን ይነግረናል?

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ከተማሪዎቼ ጋር በጣና ዳር ቆመን፥ እንጨት የጫነ የደንገል ታንኳ ሲራገፍ እንመለከት ነበር። አንዱ ልጅ የቀዛፊውን ክንድ አይቶ «መምህር፥ የኒህ ሰውዬ ደም ሰማያዊ ነው እንዴ?» ሲል ጠየቀኝ።

እንዲህ የሚመስለው ብዙ ሰው ነው። ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ጠቆር ይበል እንጂ ቀይ ነው። ቀዩ ብርሃን በቆዳ ውስጥ ጠልቆ ገብቶ በደሙ ሲዋጥ፥ ሰማያዊው ከላይ ከላይ ተበትኖ ወደ ዓይናችን ስለሚመለስ ሥሩ ሰማያዊ መስሎ ይታያል። ሥሩ የሚገተረውም ሥራ የያዘ ጡንቻ ብዙ ደም ስለሚጠራና እየጠነከረ ሥሩን ወደ ቆዳ ስለሚገፋው ነው። የባሕር ዳር ሙቀት ደግሞ ያሰፋዋል። የእኛ የወንበር ሰዎች ሥር የማይታየው ስብ ስለ ሸፈነው ነው፤ ይህም መኵሪያ አይደለም።

እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ሃርቪ እ.ኤ.አ. በ1628 ባሳተመው መጽሐፍ ያሳየውን አንባቢ በራሱ ላይ ሊሞክረው ይችላል። ክንድን ከክርን በላይ ጥቂት ጠበቅ አድርጎ ማሰር፤ ከዚያ አንዱን ሥር በጣት ተጭኖ ደሙን በሌላ ጣት፥ ጉጥ ያለበትን ቦታ አሳልፎ፥ ወደ ላይ መጥረግ ነው። የታችኛው ጣት እስኪነሣ ሥሩ ባዶውን ይቀራል፤ ጉጡ ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጋ በር ነውና።

መንገዱ ሲዘጋበት ግን ደም ሌላ መንገድ ይፈልጋል። በዚያው ቅዳሜ ልጆቹ ሊዋኙ ልብሳቸውን ሲያወልቁ ልከለክላቸው ዞር ስል፥ የአንዱ ሆድ ተነፍቶ ሥሮች ተጋድመውበት አየሁ። ይህ ከቀዛፊው ክንድ ጋር አንድ አይደለም። ምክንያቱ ሌላም ሊሆን ይችላል፤ በጣና ዳር ግን አስቀድሞ የሚጠረጠረው ቢልሃርዚያ ነው። ጥቃቅኑ እጭ በውሃ ውስጥ ካለ ቀንድ አውጣ ወጥቶ የሰውን ቆዳ በስቶ ይገባል፤ አድጎም በአንጀት ደም ሥሮች ውስጥ ይኖራል። ዕንቍላሉ በደም ተወስዶ ጉበትን በዓመታት ውስጥ ጠባሳ ያደርገዋል። ያን ጊዜ ከአንጀትና ከጣፊያ የሚመጣው ደም ማለፊያ አጥቶ በሌሎች ሥሮች ይሄዳል። የሚያስፈሩት በሆድ ላይ የሚታዩት ሳይሆኑ በምግብ መውረጃ ቧንቧ ውስጥ ያሉት የማይታዩት ናቸው፤ ከፈነዱ ሰው ደም አስታውኮ ሊሞት ይችላል።

ልጁን ከእናቱ ጋር ወደ ሐኪም ወሰድሁት፤ በሰገራው ዕንቍላሉ ተገኘ። ፕራዚኳንቴል የተባለውን ኪኒን ዋጠ። መድኃኒቱ የገባውን ትል ይገድላል፤ የቆየውን ጠባሳ ግን በቀላሉ አያነሣም፤ ነገ የሚገባውንም ትል አይከለክልም። ልጁም በማግሥቱ መቼ እንደሚዋኝ ጠየቀኝ።