«በየወሩ ትጣላኛለች፤ ላግባት ወይስ ልተዋት?»

ከሽንፋ አንድ ወጣት ጽፎልናል። እጮኛው በየወሩ ለሳምንት ያህል «ሌላ ሰው ትሆንብኛለች» ይላል። ትነጫነጫለች፣ ያለ ምክንያት ታለቅሳለች፣ ራሷን ያማታል፣ ሰውነቷ ይዝላል። እሷ «ወባዬ ተነሳ» ብላ ሳትመረመር ክኒን ትውጣለች። ዘመዶቹ ደግሞ «ዛር አለባት፤ ይቅርብህ» ይሉታል። የወር አበባዋ በመጣ በሁለት በሦስት ቀን ግን ስቃ ይቅርታ ትጠይቀዋለች።

ወንድማችን፣ መልሱ እኮ እዚያው ደብዳቤህ ውስጥ አለ! የወር አበባዋ ሲመጣ የሚለቃት ከሆነ ነገሩ ከዛሩም ከወባውም ይልቅ ወደ ሆርሞን ያደላል። ቀላሉን ዓይነት ሐኪሞች ፒ.ኤም.ኤስ. ይሉታል፤ ጡት ይወጠራል፣ ሆድ ይነፋል፣ ሆደ ባሻ ያደርጋል። ብዙ ሴቶች ያውቁታል። ከባዱ ፒ.ኤም.ዲ.ዲ. ጥቂቶችን ነው የሚይዘው፤ ግን ከሥራ ያስቀራል፣ ፍቅር ያናጋል፣ ተስፋ ያስቆርጣል። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 እ.ኤ.አ. ራሱን የቻለ ሕመም ብሎ መዝግቦታል።

መለያው ቀኑ ነው። ለሁለት ወር በየማታው ስሜቷን ደብተር ላይ ትጻፍ (እሷ ናት የምትጽፈው፣ አንተ አይደለህም)። ከወር አበባ በፊት ብሶ፣ ከመጣ በኋላ የሚጠፋ ከሆነ ደብተሩን ይዛ ሐኪም ዘንድ ትሂድ። ወሩን ሙሉ የማይለቃት ከሆነ ግን ድባቴ ወይም የደም ማነስ ሊሆን ስለሚችል ምርመራው ሌላ ነው። የወር አበባው ከነጭራሹ ከቀረስ? እርግዝናም አለ።

ወባውን እንዳትንቁት። አገራችሁ ቆላ ነው፤ በተለይ ክረምቱ ወጥቶ ሰሊጥ ሲታጨድ ወባ ይበረታል። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ካለ በዚያው ቀን ደም መመርመር ነው። ትኩሳት ሳይኖር በግምት የሚዋጥ ክኒን ግን ያታልላል። በሦስተኛው ቀን «ዳንኩ» ስትል ያሻላት ክኒኑ ሳይሆን የወር አበባዋ መምጣት ሊሆን ይችላል።

ለቀላሉ ዓይነት በቂ እንቅልፍ፣ እንቅስቃሴና ሦስተኛውን ስኒ ቡና መተው ይረዳል። ለከባዱ እንደ ፍሉኦክሰቲን ያሉ መድኃኒቶች አሉ፤ በሐኪም ትእዛዝ ብቻ።

አንድ መስመር ላይ «ብሞት ይሻለኛል ትላለች» ብለህ በዋዛ አልፈኸዋል። እኛ አናልፈውም። እንዲህ ስትል ሁለት ወር ደብተር መጠበቅ የለም፤ ብቻዋን አትተዋት፣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ውሰዳት፤ ካስፈለገ ወደ ጎንደር ይልኳታል።

ጋብቻውን በዚያች ሳምንት አትወስኑ። ደግሞ በተቆጣች ቁጥር «ቀኗ ደርሶ ነው» እንዳትል፤ አምሽተህ ሰክረህ ስለገባህ ከሆነ የተቆጣችው፣ ያ ሆርሞን አይደለም።