ለኬሚስትሪ ፕሮጀክት የተሸጠ ዱቄት

ወገኖቼ፣ ዛሬ የምጽፈው ስለ ራሽን ሳይሆን ስለ ቤት ሥራ ነው። ቢሆንም ሁለቱ ይገናኛሉ።

ካኩማ ካምፕ ሁለተኛ ደረጃ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ባለፈው ተርም «ስለ አሲድና ቤዝ ፕሮጀክት ሠርታችሁ፣ በኮምፒውተር አስጽፋችሁ አምጡ» አልኩ። አርባ ምናምን ወረቀት መጣ። አብዛኛው ከአንድ ሳይበር የወጣ፣ ቃል በቃል አንድ ዓይነት ነው። አንዷ ተማሪ ለማስጻፊያው ከቤት ዱቄት እንደሸጠች የሰማሁት ማርክ ከሰጠሁ በኋላ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ በማንም አላሳብብም።

አሁን የምሰጠው ይህንን ነው። ከርከዴ በሙቅ ውሃ ዘፍዝፉ፣ ለሁለት ብርጭቆ ክፈሉት። በአንዱ ሎሚ፣ በሌላው የተጠለለ የአመድ ውሃ ጨምሩ። የሎሚው ደምቆ ይቀላል፤ የአመዱ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል፣ አመድ ውስጥ ፖታሲየም ካርቦኔት አለና። (የአመዱ ውሃ ዓይን እንዳይነካ!) ቀጥሎ የሳሙና ውሃና የቦኖ ውሃ ሞክሩ። ያያችሁትን በእጃችሁ ጻፉ። አመድ የሌለበት ቤት እዚህ የለም።

አንዳንድ ባልደረቦቼ «ደረጃውን አወረድከው» ይሉኛል። የወረደውስ አርባ ቅጂ ማረም ነበር። የኬንያ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና የኬሚስትሪ ሦስተኛው ወረቀት እኮ የተግባር ነው፤ ልጁ የሚጠየቀው ያየውን እንዲመዘግብ ነው። ሳይበሩ እዚያ አብሮት አይገባም።

ዳዳብና ካምፓላ ያላችሁ መምህራን፣ ከርከዴ በማይገኝበት በምን ትሠራላችሁ? ጻፉልኝ፣ ለሰኞ ክፍል እፈልገዋለሁ።