ከበሮውን የገደለው ማሽኑ አይደለም

ወዳጆቼ፣ ዛሬ ትንሽ ልቆጣ ነው፤ ታገሡኝ።

የሰሊጡ ገንዘብ እጅ ከገባ በኋላ፣ ጥር ላይ፣ መተማ ሠርግ በሠርግ ነው። ባለ ኪቦርዱ ይመጣና ከፋብሪካ ተሞልታ የመጣች አንዲት ምት ተጭኖ ሌሊቱን በእሷ ያነጋል። የጎንደሩም ዘፈን በእሷ፣ ለአጨዳ የወረዱት ልጆች የሚወዱት የጎጃሙም በእሷ፣ ከገላባት ማዶ የመጣው የሱዳኑም በእሷ! ትከሻ ሊወርድ ሲል ምቱ ጥሎት ይሄዳል። ከዚያ ሽማግሌዎቹ «ይሄ ማሽን ከበሮአችንን ገደለው» ይላሉ፤ ተማሪዎቼም ተቀብለው ያስተጋባሉ። እኔ አልስማማም። ማሽን የታዘዘውን ነው የሚሠራው። አዛዥ ጠፋ በሉ።

ነገሩ ሂሳብ ነው። (ሂሳብ ምን ይሠራልናል ስትሉኝ የነበራችሁ የድሮ ተማሪዎቼ፣ ይኸውላችሁ።) ድራም ማሽን ማለት በተርታ የተደረደሩ ሳጥኖች ናቸው። አንዱን ሳጥን ስትነኩ እዚያ ቦታ ላይ ድምፅ ይወጣል፤ ጫፍ ሲደርስ ደግሞ ከመጀመሪያው ይዞራል። ስትከፍቱት አብዛኛውን ጊዜ 16 ሳጥን ነው የሚሰጣችሁ፣ አራት አራት እየሆነ የሚከፈል። የኛ ችክችካ ግን በ6/8 ነው የሚሄደው፣ ሦስት ሦስት እየተባለ ነው የሚቆጠረው። 16 ለ3 ይካፈላል እንዴ? አንድ ይተርፋል።

ስለዚህ ጀማሪ የሆናችሁ፣ ምንም ሳትነኩ በፊት የሳጥኑን ብዛት 12 አድርጉት። አለቀ። ኮምፒውተር ላይ በነፃ የሚገኘው ሃይድሮጅን የሚባለው ፕሮግራም ይህን ይፈቅዳል። የስልክ አፖች አንዳንዶቹ ይፈቅዳሉ፣ አንዳንዶቹ አይፈቅዱም፤ የማይፈቅደውን አጥፉት። እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው የሮላንድ ቲአር-808 እንኳ በ12 መሥራት ይችል ነበር። እኛ በዚህ ዘመን በ16 ታስረን እንቀመጥ?

ቀጥሎ የከበሮውን ሰፊ ፊት በወፍራም ድምፅ፣ ጠባቡን ፊት በቀጭን ድምፅ ተኩ። የትኛው ሳጥን ላይ እንደሚያርፍ ግን ከእኔ አትጠብቁ። ሰፈራችሁ ውስጥ ሠርግ ላይ ከበሮ የሚመቱ እማማ አሉ አይደል? ሂዱና ከጎናቸው ተቀመጡ። «ቀስ አድርገው ይምቱልኝ» በሏቸው፤ በካሬ ወረቀት ላይ 12 ቤት አስምራችሁ ምልክት አድርጉ። ከዚያ የትኛው ምት ጠንከር፣ የትኛው ለስለስ እንደሚል ለዩ። ሁሉንም እኩል ካስመታችሁት በር የሚያንኳኳ ሰው ነው የሚመስለው። ፍጥነቱን በመጨረሻ ጨምሩ።

እኔን የሚያንገበግበኝ እዚህ ላይ ነው። እማማ የሚያውቁት ምት እጃቸው ላይ ብቻ ነው ያለው። ከአርማጭሆ የመጣው፣ ከቋራ የመጣው፣ ጎረቤቶቻችን ጉሙዞች የሚጫወቱት፣ የቱን በደብተር ይዘነዋል? ማሽኑ ደብተር ሆኖ ሊያገለግለን ሲችል፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ ውስጥ «ባህል ያጠፋል» ብሎ የሚከለክል ሰው አለ። እማማን ሄዶ ያልጠየቀ ሰው ስለ ባህል ሲቆጣ ይገርመኛል!

ደግሞስ ማሽን ነፍስ የለውም ያለው ማነው? ኃይሉ መርጊያን አድምጡ። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ አኮርዲዮኑን፣ ኪቦርዱን ከድራም ማሽን ጋር አድርጎ ካሴት ቀዳ። ዓለም ያን ካሴት በ2013 እንደገና አሳትሞ ሰማው፤ ሰውየው በመሃሉ ታክሲ እየነዳ ኖሯል። ከኋላው ባንድ አልነበረም፣ ግን የኛ ዜማ ነው፣ ማንም አይስተውም።

ባለ ኪቦርድ ወንድሜ፣ አንተን ለይቼ ልናገርህ። የሙሽራውን አባት ገንዘብ ተቀብለሃል። ለአንድ ሠርግ ስድስት ሰባት ምት አስቀድሞ መሙላት የሁለት ማታ ሥራ ነው። «ሕዝቡ አይለይም» አትበለኝ። ሕዝቡ ይለያል፤ ለዚህ ነው አንተ ስታርፍ ሴቶቹ ከበሮ ሲያነሱ ሜዳው የሚሞላው።

ተማሪዎቼ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ክፍል ውስጥ ነኝ። ካሬ ወረቀት ያዙ፣ መብራት አይታመንምና ስልካችሁን ከቤት ሞልታችሁ ኑ። ከበሮ ያለው ቤት ካለ ይዞ ይምጣ።