«እኔን አንዴ ይዞኛል»

ዲፓርትመንታችን ኮሪደር ላይ የተለጠፈችውን ሥዕል የማያውቅ ተማሪ ያለ አይመስለኝም። ነጭ የደም ሕዋስ ጦር ይዞ፣ የራስ ቁር ደፍቶ ጀርሞችን ሲያባርር የምታሳየዋን ማለቴ ነው። ከኛ በፊት የነበሩ ተማሪዎች ለማኅበረሰብ ትምህርት የሠሯት ናት ይባላል። ሥዕሏ ቆንጆ ናት፣ ሠዓሊውም እጁ ይባረክ። እኔ ግን ከዚች ሥዕል ጋር ቂም አለኝ።

አክስቴ የምትኖረው መልካ ጀብዱ ነው። በ2006 ዓ.ም. መግቢያ ላይ (እ.ኤ.አ. 2013 መሆኑ ነው) የደንጊ ትኩሳት ድሬዳዋን ሲመታ፣ በሀገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ የተመዘገበው የደንጊ ወረርሽኝ እሱ ነበር፣ እሷም ታማ ነበር። ሳምንት ያህል ተኝታ ተነሣች፣ ነገሩም ተረሳ። ከዓመታት በኋላ እኔ ኮሌጅ ገብቼ የመጀመሪያ ዓመት ባዮሎጂ ስማር ሰፈሩ ውስጥ ትኩሳት ተነሣ ተባለ። ልጠይቃት ስሄድ ደጃፏ ላይ የተደረደሩትን በርሜሎች አየሁና «ምናለ ብትከድኛቸው?» አልኳት።

«አቦ ተወኝ! እኔን አንዴ ይዞኛል፣ ድጋሚ አይመጣም» አለችኝ።

እኔስ ምን አልኩ? «እሱስ ልክ ነሽ፣ ሰውነትሽ ፀረ እንግዳ አካል ሠርቷል፣ ሥጋት የለም» አልኳት። ከኖት ላይ የሸመደድኩት ትኩስ ዕውቀት ነበረኛ! በርሜሎቹ እንደተከፈቱ ቀሩ።

ወር ሳይሞላ አተኮሳት። ወገቧንና ከዓይኗ ጀርባ ሲያማት አንድ ቦታ ሄዳ የሕመም ማስታገሻ መርፌ ተወግታ መጣች። በአራተኛው ቀን ትኩሳቱ ሲወርድላት ሁላችንም ደስ አለን፤ ቡና ተፈላ። ማታውን ሆዷን ቆረጣት፣ አስመለሳት፣ ጥርሷን ስትጉመጠመጥ ድዷ ደማ። ሐኪም ቤት ስንደርስ ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀን «ከዚህ በፊት ደንጊ ይዟት ያውቃል?» ብሎ ነው። እኔ ቀደም ብዬ፣ እንደ መልካም ዜና፣ «አዎ ይዟታል!» አልኩት። ፊቱ ሲለወጥ አየሁ። አምስት ቀን ግሉኮስ ተሰክቶላት ተኛች።

እንግዲህ የኔ ክርክር ከዚህ ይነሣል። የሰውነታችንን መከላከያ እንደ ጦር ሠራዊት ብቻ አድርገን ማስተማራችን፣ በተለይ ለድሬዳዋ ሰው፣ ግማሽ እውነት ነው። ግማሽ እውነት ደግሞ ሰው ያስተኛል።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። ከደም ሥሮቻችን በየቀኑ ወደ ሕብረ ሕዋሳት የሚወጣው ፈሳሽ ብዙ ነው። አብዛኛው ተመልሶ ይገባል፤ የመማሪያ መጻሕፍት ሦስት ሊትር ገደማ የሚሉት ግን ወደ ሊምፍ ቧንቧዎች ገብቶ፣ ዞሮ ዞሮ አንገት ሥር ካሉት ትላልቅ ደም መልሶች ይቀላቀላል። ይህ መስመር እንደ ልብ ያለ ፓምፕ የለውም። የቧንቧዎቹ ግድግዳ እየተኮማተረ፣ ጡንቻዎቻችን እየጨመቁት፣ ወደ ኋላ እንዳይመለስም ቫልቮች እየያዙት ነው የሚሄደው። በመንገዱ ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዕጢዎች አሉ። እግራችን ሲቆስል ብሽሽታችን ላይ የሚያብጠውን እናቶቻችን ንፍፊት የሚሉት እሱን ነው። (ንፍፊት የሚለውን ቃል ክፍል ውስጥ ማንም መምህር ሲጠራው ሰምቼ አላውቅም። ለምን እንደሆነ አይገባኝም፤ ከ«ሊምፍ ኖድ» በላይ ሰው የሚገባው እሱ ነው።)

ቆዳ ውስጥ የሚጠብቁ ሕዋሳት አሉ። እንግዳ ነገር ሲያገኙ ከነማስረጃው ይዘው በሊምፉ መስመር ወደ ዕጢው ይጓዛሉ፤ እዚያ ቲ እና ቢ የሚባሉት ሊምፎሳይቶች ያዩታል፣ የሚመጥነው ይነቃል፣ ይባዛል። ንፍፊቱ የሚያብጠው ለዚህ ነው። ፀረ እንግዳ አካል እስኪመረት ቀናት ያልፋሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚያስታውሱ ሕዋሳት ይቀራሉ። ክትባት የሚሠራው በዚሁ ትዝታ ነው። እስከዚህ ድረስ ሥዕላችን ልክ ናት።

ደንጊ ላይ ስንደርስ ነው ጉዱ። የደንጊ ትንኝ፣ ኤደስ ኢጂፕቲ፣ በቀን ነው የምትነድፈው። ቫይረሱን ቆዳ ውስጥ ስትተክለው እነዚያን ጠባቂ ሕዋሳት ራሳቸውን ይይዛቸዋል፤ እነሱም እንደ ሥራቸው ወደ ዕጢው ሲሄዱ እሱን ተሸክመውት ይገባሉ። ሌባ በዘበኛው ባጃጅ ተሳፍሮ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ገባ እንደማለት ነው።

ከዚህ የሚብሰው ሁለተኛው ነው። ደንጊ አንድ ቫይረስ አይደለም፣ አራት ዓይነት ነው። በአንዱ የተያዘ ሰው ያንን ዓይነት ለረጅም ዘመን ይከላከላል፤ ሌሎቹን ግን ለጥቂት ወራት ብቻ። ከዚያ በኋላ ሁለተኛው ዓይነት ሲመጣ የድሮው ፀረ እንግዳ አካል ይይዘዋል እንጂ አያከሽፈውም። የተያዘውን ሁሉ የሚውጡት ሕዋሳት ያንን ጥምር ሲውጡት ቫይረሱ በሰላም ውስጣቸው ገብቶ ይራባል። አሜሪካዊው ስኮት ሃልስቴድ ይህን ሐሳብ ካቀረበ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል፤ ለብዙ ዘመን ሲያከራክር ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2017 ከኒካራጓ ሕፃናት የተገኘ ጥናት አጠናከረው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ፊሊፒንስ ከ800 ሺህ በላይ ልጆች የተከተቡበትን የደንጊ ክትባት አቆመች። ክትባቱ ደንጊ ይዞት የማያውቀውን ልጅ አንዴ እንደተያዘ ሰው ስለሚያደርገው፣ በኋላ እውነተኛው ሲመጣ ሕመሙ የሚከፋበት ዕድል ጨምሮ ተገኘ።

አክስቴን የጎዳት ቫይረሱ ብቻ አይደለም። የከፋ ደንጊ ሲሆን የደም ሥሮች ይንጠባጠባሉ፤ የሚወጣው ፈሳሽ ሊምፉ ሊመልሰው ከሚችለው በላይ ይሆናል፣ ሆድና ሳንባ ዙሪያ ይጠራቀማል፣ ደም ይወፍራል፣ ግፊት ይወርዳል። ይህ የሚመጣው ደግሞ ትኩሳቱ ሲወርድ አካባቢ ነው፤ እኛ ቡና ስናፈላ ማለት ነው። መርፌውም አላገዛት፤ ዳይክሎፌናክና አስፕሪንን የመሳሰሉ መድኃኒቶች መድማትን ስለሚያባብሱ ደንጊ ሲጠረጠር አይሰጡም፤ ፓራሲታሞልና ብዙ ፈሳሽ ነው የሚመከረው።

አንዳንድ ጓደኞቼ ይህንን ስነግራቸው «ሕዝቡን ማስፈራራት ነው» ይላሉ። ልክ ናቸው፣ ሁለተኛ የተያዘ ሁሉ አይከፋበትም፤ አብዛኛው ይድናል። ነገር ግን እኛ ከተማ ውስጥ ሰው ግራ የተጋባው በምክንያት ነው። በ2011 ዓ.ም. ማብቂያና በ2012 መግቢያ ቺኩንጉንያ ድሬዳዋ ላይ ከ40 ሺህ በላይ ሰው ሲያንበረክክ በሽታውን ያመጣችው ያቺው ትንኝ ናት፣ ትኩሳቱም ይመሳሰላል። የቺኩንጉንያ መከላከያ ግን አንዴ ከያዘ ለረጅም ዘመን ይቆያል። ስለዚህ «አንዴ ይዞኛል» ለቺኩንጉንያ ይሠራል። ለደንጊ አይሠራም። ለወባም አይሠራም፤ የወባ መከላከያ ጎዶሎ ነው፣ ከወባ ርቀው ሲቆዩ ደግሞ ይደክማል። በ2014 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ የተነሣው ወባ፣ የዩኒቨርሲቲ ግቢ ሳይቀር የገባው፣ አኖፌለስ ስቴፈንሳይ ከተባለችው መጤ ትንኝ ጋር መያያዙን ጥናት አሳይቷል። እሷም እንደ ኤደስ በርሜልና ታንከር ትወዳለች። ሦስት ትኩሳት፣ ሦስት ዓይነት ትዝታ፣ አንድ በርሜል። ይህን ለመልካ ጀብዱ እናቶች ማስረዳት ያቅተናል? እነሱ እኮ ውኃ የሚመጣበትን ቀንና ሰዓት፣ የትኛው በርሜል ለመጠጥ የትኛው ለልብስ እንደሆነ በቃላቸው የሚይዙ ሰዎች ናቸው።

«በርሜል ክደኑ» ብቻ ብሎ መሄድም አያዋጣም፤ ውኃ በፈረቃ የሚመጣለት ሰው ማጠራቀሙን አይተውም፣ ክዳን ደግሞ በነፃ አይገኝም። ቢያንስ ግን «ታሜ ስለዳንኩ አያሳስበኝም» የሚለውን እኛው ራሳችን ማጽናት ማቆም አለብን። አክስቴ ድናለች፣ ደህና ናት። በርሜሎቿንም በቆርቆሮ ከድናለች። ስለ ጤና ነገር ግን እኔን መጠየቅ ትታለች፤ ስሄድ ምሳ ታቀርብልኛለች፣ ስለ ትምህርቴ ትጠይቀኛለች፣ ሲያማት ግን የምትነግረው ለጎረቤቷ ነው።

ሥዕሏ ትነሣ አላልኩም። ከጎኗ ሌላ እንድትለጠፍ፣ ለማኅበረሰብ ሥራ መልካ ጀብዱ ስንሄድ በምንይዘው መጠይቅ ላይም «ከዚህ በፊት ደንጊ ይዞዎት ያውቃል? መቼ?» የሚል ጥያቄ እንዲጨመር ለዲፓርትመንቱ በጽሑፍ አቅርቤያለሁ። መልሱን እየጠበቅኩ ነው።