«ግቢ» ከማለታችን በፊት

ወንድሞቼ፣ በዕድሩም በማኅበሩም ጎን ለጎን የምንቀመጥ የዕድሜ እኩዮቼ፤ ይህን የምጽፈው ለወጣቶቹ አይደለም። ነጠላችንን አጣፍተን፣ ከዘራችንን ይዘን፣ ቅዳሜ ከሰዓት የሰው ትዳር ልናቀና በየሰው ሳሎን ለምንሰየመው ለእኛ ነው። ሰባ አራት ዓመት ሞልቶኛል። ሽማግሌ ተብዬ መጠራት ከጀመርኩ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖኛል። ስንት ባልና ሚስት እንዳስታረቅሁ ቁጥሩ ጠፍቶብኛል። አንዷን ግን እስክሞት አልረሳትም።

የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ፣ እዚሁ አዲስ አበባ፣ እኛው ሰፈር ነው። ባሏ ደብድቧት ሁለት ልጆቿን ይዛ ወላጆቿ ቤት ገብታ ሰንብታለች። ሴቷ ልጅ ሰባት ዓመቷ፣ ወንዱ አምስት። የባልየውን የነፍስ አባት ጨምረን አራት ሆነን ሄድን። ገና እንደተቀመጥን ከመካከላችን አንዱ የጠየቃት የመጀመሪያ ጥያቄ «ምን አድርገሽው ነው?» የሚል ነበር። ማንኛችንም አልከለከልነውም። የት ላይ መታሽ፣ በምን መታሽ፣ ይኼ ስንተኛው ነው፣ ሐኪም አይቶሻል ወይ ያላት ሰው አልነበረም።

ባል ወደ ደጅ ወጣ፤ ድንጋይ ማጅራቱ ላይ አድርጎ ተመልሶ እግሯ ሥር ወደቀ። የሁላችንም ሆድ ባባ። እናቷ አለቀሱ። እሷ ዝም አለች። ያን ጊዜ ተራ በተራ ተነሣንባት። አንዱ «ለልጆችሽ ስትይ» አለ። ሌላው «ገበናሽን ሸፍኚ፣ ወንድ ልጅ ይቆጣል፣ ይበርዳል» አለ። እኔ በዚህ አንደበቴ «ቻዪው ልጄ፣ የትዳር ሙያው መቻል ነው» አልኳት። ድንጋዩ ማጅራቱ ላይ ብዙ ቆየ፤ የሚያሳዝነን እሱ ነበር። በመጨረሻ በማይሰማ ድምፅ «ተነሥ» አለችው። እልል ተባለ።

ምግብ ቀረበ። ማስታጠቢያውን የያዘችው ራሷ ነበረች። ለነፍስ አባትየው ውሃ ስታፈስ እኔ ከጎኗ በግራ በኩል ተቀምጫለሁ። «ተባረኪ ልጄ» አልኳት። አልመለሰችም። ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩላት፤ ዘወርም አላለች። ነጠላዋን በግራ ጆሮዋ ላይ አጥብቃ ጠምጥማው ነበር። አኩርፋ ነው ብዬ ቅር አለኝ፤ ማታ ለባለቤቴም «ታርቃ ስታበቃ ሽማግሌ ትንቃለች» ብዬ አማኋት። በጥፊ የጆሮዋ ታምቡር ተቀዶ እንደነበር የሰማሁት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

ባልየው ወደ አራት ወር ገደማ ጨዋ ሆነ። ከዚያ ባሰበት። ለምን አይብስበት? የዱላን ዋጋ የተመንንለት እኛው ነን፤ አንድ ድንጋይ፣ አንድ የዕርቅ በግ፣ የአንድ ቅዳሜ ከሰዓት። ለቀጣዩ ዱላ ወላጆቿ ቤት አልሄደችም፤ ብትሄድ እኛ ተሰብስበን እንደምንመልሳት አውቃለች። አንጓዋ ተሰብሮ እንኳ ለሐኪሙ ደረጃ ላይ ወደቅሁ ነበር ያለችው። ያን ቤት ጥላ የወጣችው በሌላ ዓመት፣ ማንንም ሳታማክር፣ ልጆቿን ከትምህርት ቤት በቀጥታ ይዛ ነው።

የልጆቹን ነገር ኋላ ላይ ለባለቤቴ የነገረቻት ሴቷ ልጅ ናት። አባታቸው ማታ ሲመጣ የግቢው በር አከፋፈት ይታወቃቸው ነበር። ቀስ ብሎ ከተከፈተ እራት ይበላል። መቀርቀሪያው ከጮኸ እሷ ወንድሟን ይዛ አልጋ ሥር ትገባለች፤ እንዳይሰማ ጆሮውን በሁለት እጇ ትደፍነዋለች። የራሷን የሚደፍንላት ግን አልነበረም። ልጁ እስከ አሥር ዓመቱ አልጋው ላይ ይሸና ነበር፤ ለዚያም ይገረፋል። ትምህርት ቤት ደግሞ ሌሎች ልጆችን ይመታል የተባለው እሱ ነበር። እኛ «ለልጆችሽ ስትይ ግቢ» ስንል የመለስናቸው ወደዚያ አልጋ ሥር ነው። አባት ልጆቹን በእጁ ባይነካቸው እንኳ፣ እናት ስትመታ የሚሰማ ልጅ አብሮ እየተመታ ነው የሚያድገው፤ ይህን ለማወቅ የሰፈራችንን ወጣቶች አንድ በአንድ ማሰብ ይበቃል።

ይህ የአንድ ቤት ታሪክ ነው የሚለኝ ሰው ይኖራል። በ2008 ዓ.ም. በአገራችን የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆነ ትዳር ከያዙ ሴቶች ውስጥ 34 በመቶው በባላቸው አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም የስሜት ጥቃት እንደደረሰባቸው ጽፏል። እኔን እንቅልፍ የነሣኝ ግን ሌላው ቁጥር ነው። አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች 66 በመቶው እርዳታ አልጠየቁም፣ ለማንም አልተናገሩም። እርዳታ ከፈለጉት ጥቂቶች ውስጥ ደግሞ ብዙዎቹ የሄዱት ወደ ጎረቤትና ወደ ቤተ ዘመድ ነው። ጎረቤትና ቤተ ዘመድ ማለት እኛ ነን። አፏን አውጥታ የተናገረችው አንዷ እኛ ዘንድ ደርሳ ነው ዝም የምትሰኘው።

«የአባቶቻችን ሥርዓት ነው» አትበሉኝ። አባቶቻችን በሰማንያ ሲያጋቡ ዋስ ጠርተው ነበር፤ ዋስ ለስም አልነበረም። ትዳሩ አልሆን ሲል ሽማግሌ ተቀምጦ ንብረቱን ያካፍላል፣ ሴቲቱም ድርሻዋን ይዛ ትወጣለች። ማካፈል የሽምግልና ግማሽ ሥራ ነበር። እኛ ማካፈሉን ጥለን መመለሱን ብቻ ያዝን።

ሕጉም ቢሆን ከእኛ ቀድሞ ሄዷል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተሰቡ ራስ ባል ነበር፤ የፍቺን አቤቱታ የሚያዩትም የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበሩ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስትን እኩል አድርጎ ፍቺን ለፍርድ ቤት ሰጠ። ክርክሩ እስኪያልቅ ልጆቹን ማን እንደሚይዝ፣ ቀለቡን ማን እንደሚሰጥ፣ ከቤቱም ማን መውጣት እንዳለበት ፍርድ ቤቱ ትእዛዝ ይሰጣል። ከግንቦት 1997 ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 564 የትዳር ጓደኛን መምታት በሌላ ሰው ላይ እንደሚፈጸም የአካል ጉዳት ሁሉ እንደሚያስቀጣ በግልጽ ደንግጓል። በመኝታ ቤት በግድ የሚፈጸመውን ግን ይህ ሕግም አልደረሰበትም፤ አስገድዶ መድፈርን የሚቀጣው ከጋብቻ ውጭ ሲሆን ነው። እኔና ጓደኞቼ ያቺን ልጅ «ተነሥ በይው» ስንል ሁለቱም ሕጎች ወጥተው ነበር። የሠራነውን ሥራ ዕርቅ አልነው እንጂ ወንጀል መሸፈን ነበር።

ስለዚህ እለምናችኋለሁ፤ ልመናው ካልሰማችሁት ማስጠንቀቂያ ነው። ዱላ ባለበት ቤት ለዕርቅ ስትጠሩ፣ ባልየው ባለበት አትጠይቋት። አንዲት የምታምናት ሴት ይዛት ለብቻ ትግባ፣ እሱም ቤት ውስጥ አይኑር። ጉዳት ካለባት ሐኪም ይቅደም፣ ወረቀቱም ይያዝ። ፖሊስ ጣቢያ ከሄደች «ክሱን አንሺ» ብሎ የሚላክ ሽማግሌ ከእንግዲህ ከመካከላችን አይውጣ፤ ይህን ሥራ ብዙዎቻችን ሠርተነዋል፤ የሽምግልና ሁሉ ክፉው እሱ ነው። አንገቷን አንቆኛል ካለች ደግሞ ደም አላየሁም ብላችሁ አትናቁት። ማነቅ ደም አይታይበትም፤ ሚስቱን የሚያንቅ ሰው ወደ መግደል የቀረበ ሰው ነው። «ትተሽኝ ብትሄጂ እገድልሻለሁ» ያለውንም የንዴት ነው አትበሉ። ሴት ለመገደል ከሁሉ ይልቅ የምትጋለጠው ጥላ ልትወጣ ስትል ወይም በወጣች ሰሞን ነው። መጠጊያ የሌላትን ቤታችን እናሳድራት እንጂ ወደ በሩ አንሸኛት።

የተጣመረን መለየት ኃጢአት ነው ብላችሁ እንደምትጨነቁ አውቃለሁ፤ እኔም ቆራቢ ነኝ፣ ተጨንቄበታለሁ። ነገር ግን ያን ትዳር የለየው የእሱ እጅ ነው። እኛ ስንደርስ ተለይቶ ነበር።

አምና ያቺ ትንሽ ልጅ፣ ዛሬ የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት፣ አንድ ደግ ልጅ ሊያገባት ፈለገ። የልጁ ወገኖች ሽማግሌ ሊልኩ ሰፈሩን ሲያጠያይቁ የእኔን ስም ሰጧቸው። ተስማማሁ፣ ልብሴንም አስተኮስኩ። በዋዜማው ስልክ ተደወለልኝ። ልጅቷ ሌላ ማንም ይምጣ፣ እሳቸው ግን እናቴ ቤት ሽማግሌ ሆነው አይገቡም ብላለች አሉኝ። አልተቀየምኳትም። በእኔ ፈንታ ሌላ ሰው ሄደ።

እናቷ እዚሁ ሰፈር ናት። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ እንገናኛለን። እያየሁ ዞሬ በቀኝ ጆሮዋ በኩል እመጣና ነው ሰላም የምላት።