የተላጠ ዛፍ ዘግይቶ ይሞታል

በሐዲያና በከምባታ፣ በሆሳዕናና በዱራሜ ዙሪያ በሚገኙ ቀበሌዎች በየጓሮው፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥርና በየወንዙ ዳር የቀሩት ጥቁር እንጨት፣ ዋንዛ፣ ብሳናና ዝግባ ከመጥረቢያ ቢያመልጡም ከቢላዋ ሁልጊዜ አያመልጡም። ቅርፊታቸው ለመድኃኒት፣ ለማሰሪያ ልጥ ወይም ለማገዶ እየተላጠ ይወሰዳል፤ ዛፍ የቆረጠ ሰው በመንደሩ ቢወቀስም ቅርፊት የላጠውን ግን፣ ዛፉ እንደቆመ ስለሚታይ፣ የሚጠይቀው የለም።

ጉዳቱን የሰወረው የዛፉ አሟሟት ነው። ከደረቀው የውጭ ቅርፊት ሥር ፍሎየም የሚባል፣ ቅጠሉ በፀሐይ ብርሃን ያዘጋጀውን ምግብ ወደ ሥሩ የሚያወርድ ለስላሳ ክፍል ይገኛል፤ ከእርሱ ቀጥሎም አዲስ እንጨትና አዲስ ቅርፊት የሚያበቅለው ካምቢየም የተባለው ስስ ንብርብር አለ። ውሃን ከሥር ወደ ላይ የሚያወጣው ግን ዛይለም፣ ማለትም የውስጡ እንጨት ነው። ስለዚህ ግንዱ ዙሪያውን ሲላጥ ውሃው መውጣቱን ስለማያቆም ቅጠሉ አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል፤ ሥሩ ግን ምግብ ስለተቋረጠበት ያጠራቀመውን እየጨረሰ ይራባል። ከላጣው በላይ ያለው ግንድ ያብጣል፣ ጫፉ ላይ ያለው ቅጠል ይሳሳል፣ ከወራት ምናልባትም ከዓመት በላይ ቆይቶ ዛፉ ይደርቃል። በዚያን ጊዜ ቅርፊቱን የወሰደው ሰው ነገሩን ረስቶታል፤ ጎረቤቱም ምስጥ በላው ወይም ድርቅ መታው ይላል። ዙሪያውን የተላጠ ዛፍ ግን ከተላጠበት ቀን ጀምሮ ልጡ የተራሰ፣ ጉድጓዱ የተማሰ ነው።

ይህ ጉዳት የሐዲያና የከምባታ ብቻ አይደለም። የጥቁር እንጨት ቅርፊት ለፕሮስቴት እጢ ማበጥ ሕክምና እንደሚውል እ.ኤ.አ. በ1966 በፈረንሳይ የባለቤትነት መብት ከተሰጠበት በኋላ በካሜሩን ተራሮች ላይ ዛፎቹ ያለ ልክ እየተላጡ ብዙዎቹ ደርቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1995 ዝርያው፣ ለመጥፋት የተጋለጡ እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ በሚገዛበት ዓለም አቀፍ ስምምነት (ሳይተስ) ሁለተኛ ዝርዝር ውስጥ ገባ፤ በ2007ም የአውሮፓ ኅብረት ከካሜሩን የሚገባውን ቅርፊት አገደ። ከዚያ ልምድ የተገኘው ደንብ ደግሞ ቀላል ነው፤ ቅርፊቱ ከወፍራም ዛፍ ብቻ፣ ከግንዱ ዙሪያ በሁለት ትይዩ ሩቦች ይላጣል፣ ካምቢየሙ አይነካም፣ ዛፉም እስኪያገግም ለዓመታት ይተዋል።

ይህን ደንብ ለመንደሩ ማድረስ ያለበት ማን ነው? በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛን፣ ኮሶን፣ ዝግባንና ጥድን ከመንግሥት ደን መቁረጥን ከልክሎ ነበር፤ የጓሮ ዛፍ ጠባቂ ግን ባለቤቱና ጎረቤቱ ናቸው። በሐዲያና በከምባታ ሴራ የሚባለው የኅብረተሰቡ ሥርዓትና እድሩ ለዚህ ከማንኛውም ጽሕፈት ቤት ይቀርባሉ። ለማሰሪያ ልጥ መላጥ በተለይ ምክንያት የለውም፤ አገሩ የእንሰት አገር ነው፣ እንሰቱ ሲፋቅ የሚገኘው ቃጫ በየቤቱ አለና። መድኃኒቱ ግን ሌላ ነገር ነው። ሐኪም ቤት ለመድረስ አቅም ያጣ ሰው ወደ ባህል ሐኪሙ መሄዱ አይቀርምና ቅርፊት አትንኩ ብሎ መለፈፍ መፍትሔ አይሆንም፤ ይልቁን የባህል ሐኪሞቹ ራሳቸው ተጠርተው ዙሪያውን የተላጠ ዛፍ ምን እንደሚሆን በዓይናቸው እንዲያዩና ለደቀ መዛሙርታቸው እንዲያስተምሩ ማድረግ ይገባል።

ችግኝ ጣቢያዎችም ከባሕር ዛፍ ጎን ለጥቁር እንጨት ቦታ ሊሰጡ ይገባል። ዘሩ ከደረቀና ከቆየ የመብቀል ኃይሉን ቶሎ ስለሚያጣ ፍሬው እንደበሰለ ተለቅሞ ወዲያው መዘራት አለበት፤ ይህም ፍሬ የሚሰጡ አሮጌ ዛፎች ሳይላጡ በአቅራቢያ መኖራቸውን ይጠይቃል። ዛሬ የሚተከለው ችግኝ ቅርፊት ለመስጠት ከአሥር ዓመት በላይ ይፈልጋል፤ እስከዚያ ያለው ፍላጎት የሚያርፈው በቆሙት ጥቂቶች ላይ ነው።